ሦስቱ ትርፍ ስፌቶች

ወላይታ ሶዶ፣ ቅዳሜ መጋቢት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጠዋት፦ ሁለት የአይሱዙ ሸራ አልቆ ወጣ። አንድ የሚኒባስ ወንበር ልብስ ለጥገና ገባ። ያላለቀ፦ የጉኑኖው ሰውዬ ድንኳን፣ ስድስት ቀለበት ይቀረዋል። ክር በቂ ነው። ወፍራሙ መርፌ ሁለት ብቻ ቀርቷል።

የተወደድሽ እህቴ ማኅሌት፣

ከላይ ያለውን ዝለይው። ወረቀቱን የገነጠልኩት ከዕለት ማስታወሻ ደብተሬ ስለሆነ፣ እጄ እንደ ልማዱ የጠዋቱን ሥራ ሳይመዘግብ ወደ ሰላምታ አላልፍ አለኝ። ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ጤናሽስ? ወገብሽን አሁንም ያምሻል ወይስ አዲሱ ወንበር ተስማማሽ? ብርዱስ ለቀቅ አደረገ? እንቅልፍ ትተኛለሽ? የመጨረሻውን እንዲያው ለወጉ አይደለም የጠየቅሁሽ። የላክሽው ደብዳቤ ጽሑፉ ያልተኛ ሰው ጽሑፍ ነው። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባዬም ደህና ነው። በዚህ ዕድሜህ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አትጹም ስንለው "እናንተ ብሉ፣ እኔን ተዉኝ" እያለ ይቆጣናል። ዝናቡ ዘንድሮ ቀደም ብሎ ጀምሯል። ሰው ሸራውን የሚያስታውሰው ሰማዩ ሲጠቁር ስለሆነ ሰሞኑን ሱቁ ወረፋ አለበት።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ የካቲት 27 ነው። "በስልክ እንዳትመልሺልኝ፣ ድምፄን ከሰማሽ ታዝኚልኝና የማይሆን ትመክሪኛለሽ፤ አስበሽ ጻፊልኝ" ብለሽ ነበር። እሺ ብዬ ሁለት ሳምንት አሰብኩ። እሑድ እሑድ ስትደውዪ ስለ ሽንኩርት ዋጋና ስለ አባዬ ጉልበት ብቻ ያወራሁሽ ለዚህ ነው፤ ቅር እንዳይልሽ።

መጀመሪያ ነገሩን በትክክል ገብቶኝ እንደሆነ እንድታዪ በራሴ አነጋገር ልድገመው። እዚያ ባሕር ማዶ የምትሠሪበት የስፌት ቤት፣ ሰዎችን ወደ ጠፈር ጣቢያ እያመላለሰች እንድታገለግል ለታሰበች አዲስ መንኮራኩር ፓራሹት ይሰፋል። መንኮራኩሯ ገና በመሠራት ላይ ናት። በቅድሚያ ዕቃ ትጭናለች፣ ቀጥሎ ሰው። ይህ አልከበደኝም፤ አዲስ መንገድ ሲከፈት ሾፌሩ ባዳቾም አይሱዙውን ድንች ጭኖ ነው የሚጀምረው። ስትመለስ ከሰማይ ይዟት የሚወርደው የእናንተ ፓራሹት ነው። ሚያዝያ መግቢያ ላይ ሰው በሌለበት፣ በእሷ ልክ የተመዘነ ከባድ ነገር ታስሮበት ከአውሮፕላን ይጣልና ይሞከራል።

አንቺ የሰፋሻቸው ጥብጣቦች አሉ፤ ገመዶቹን ከጨርቁ ጋር የሚያያይዙት። የተሰጣችሁ ንድፍ ስፌቱ የት ጀምሮ የት እንደሚያቆም በቁጥር ይናገራል፤ አንድ አይጎድልም፣ አንድ አይበልጥም። የእናንተ ጥብጣብ እንደ እኛ ሸራ ወፍራም ስላልሆነ እያንዳንዱ የመርፌ ቀዳዳ ከጥንካሬው ይቀንሳል። አንቺ ግን ስፌቱን ስትጨርሺ እጅሽ ሳታዢው ወደ ኋላ ሦስት ጊዜ ተመለሰ። እንደ አባዬ። እንደ እኔ። እዚህ ሱቅ ውስጥ ከልጅነትሽ ጀምሮ ስታዪው እንደኖርሽው። ተቆጣጣሪዋ አላየችውም። ክሩ ከጥብጣቡ ጋር አንድ ቀለም ነው፣ መርፌሽም በቀደመው ስፌት ላይ ልክክ ብሎ ነው የወረደው። እጅሽ ብልሹ ቢሆን ኖሮ ያን ዕለት ተይዘሽ ነገሩ ባለቀ ነበር። አንቺም ያወቅሽው ከወር በኋላ፣ ሌላ ጥብጣብ ላይ እጅሽን ሲመለስ ስትይዢው ነው። ከዚያ በፊት ስንቱ ላይ እንዳደረግሽው አታውቂም።

ሥራሽ እስከ ሰኔ የሙከራ ቅጥር ነው፤ የመኖሪያ ፈቃድሽም ከሥራው ጋር ታስሯል። ብትናገሪ ሁለቱንም ልታጪ ትችያለሽ። ዝም ብትዪ ማንም አያውቅም። "እታለም፣ ምን ላድርግ?" አልሽኝ።

እህቴ፣ አልደብቅሽም። ደብዳቤሽ በደረሰኝ ዕለት በማስታወሻዬ ላይ የጻፍኩትን ቃል በቃል ልገልብጥልሽ፦ "የካቲት 27። የማሂ ደብዳቤ። ዝም ትበል። ሙከራ ነው፣ ሰው የለበትም። ስፌቱ ተርፎ እንጂ ጎድሎ አይደለም።" ይኸው ነው። የነጋዴ መልስ ነው፤ የሚታጣውንና የሚተርፈውን ብቻ አይቼ የሰጠሁት። በማግስቱ ስከፍተው ግን ያ ጽሑፍ ደስ አላለኝም፤ በሦስተኛውም ቀን ደስ አላለኝም። የማላውቀውን ዕቃ ዋጋ ቆርጬ እንደሆነ ገባኝ።

ስለዚህ መክብብን ያዝኩት። ከፊዚክስ አስተማሪ ጋር ሃያ ዓመት በትዳር ስኖር ፊዚክሱን የጠየቅሁት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ ደነገጠ። ያንቺን ነገር አልነገርኩትም። የእህቴን ሥራ ማወቅ ፈለግሁ ብቻ ነው ያልኩት። እሱም ከተማሪዎቹ የፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ እየሣለ አስረዳኝ። ድሮ አሜሪካኖቹ እንደ አውሮፕላን ክንፍ ያላት መንኮራኩር ነበረቻቸው። ሁለት ጊዜ ሰባት ሰባት ሰው አልቆባታል። በ2003 ሐምሌ ላይ ሥራ አቆመች። ከዚያ በኋላ ወደ ዘጠኝ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ፣ ወደ ትልቁ ጣቢያ የሚወጣ ሰው ሁሉ የሚሳፈረው በሩሲያዎቹ መንኮራኩር ብቻ ነበር። በ2012 ግንቦት አዲሷ የአሜሪካኖቹ መንኮራኩር፣ ክንፍ የሌላት፣ ካፕሱል የሚሏት፣ ሰው ይዛ ወጣች። እሷም አስቀድሞ ዕቃ ስታመላልስ ከቆየችው የተሠራች ናት። ቻይናዎቹ የራሳቸው ጣቢያና የራሳቸው መንኮራኩር አላቸው፤ ህንዶቹም የራሳቸውን እየሠሩ ነው። "አንዱ ካለ አይበቃም? ለምን ሁሉም ይደክማል?" አልኩት። "ወደ ሃላሌ የምትልኪው ዕቃ ሁሉ በባዳቾ መኪና ብቻ በነበረ ጊዜ፣ ባዳቾ ወባ የያዘው ሳምንት ምን ሆነሽ ነበር?" አለኝ። ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገኝም።

የገረመኝ ግን ሰው ከመሳፈሩ በፊት የሚደረገው ነው። አሻንጉሊት የጠፈር ልብስ አልብሰው፣ ገላው ላይ መለኪያ ሰክተው ይልካሉ። ሮኬቱ ሽቅብ እየበረረ ሳለ ሆን ብለው ካፕሱሏ ተላቃ እንድታመልጥ ያደርጋሉ። ፓራሹቱን ደግሞ ደጋግመው ይጥሉታል፤ አንዱ ባይከፈትስ፣ ሁለቱ ቢጠላለፉስ እያሉ። መክብብ ይህን ሁሉ ሲነግረኝ አንድ ነገር ጠየቅሁት። "የሞከሩት ፓራሹት ወረቀቱ ላይ ከተጻፈው ትንሽ ቢለይስ?" አልኩት። "እንግዲያው የሞከሩት ሌላ ነገር ነው" አለኝ። "ደህና ቢወርድም ለምን ደህና እንደወረደ አያውቁም፤ ቢበጠስም ለምን እንደተበጠሰ አያውቁም።" ወረቀቱን አጥፌ ከደብተሬ ውስጥ ከተትኩት። "ሙከራ ነው፣ ሰው የለበትም" ያልኩት ነገር እዚያው ላይ ወደቀ። ሰዎቹ የሚሳፈሩት ሙከራውን አምነው ነዋ።

ባለፈው ረቡዕ ደግሞ ሱቅ ውስጥ ተሰብስበን በመክብብ ስልክ የእነዚያን የሁለቱን ጠፈርተኞች መመለስ አየን። ታሪካቸውን ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። አምና ግንቦት መጨረሻ አዲስ መንኮራኩር ሊሞክሩ ለስምንት ቀን ያህል ብለው ወጡ፤ መንኮራኩሯ ላይ ችግር ታየ፤ አለቆቻቸው አመዛዝነው ባዶዋን እንድትመለስ አደረጉ፤ እነሱ ዘጠኝ ወር እዚያው ቆይተው በሌላኛዋ ካፕሱል ወረዱ። ባዳቾ ጎማ ሊያስነፋ አቁሞ ነበር፤ ገብቶ ወሬውን ያዘው። "ስምንት ቀን ብሎ ወጥቶ ዘጠኝ ወር! እኔ ሃላሌ አንድ ቀን ባድር ሚስቴ በር አትከፍትልኝም" አለ። ቀጥሎ ደግሞ፣ "ያቺኛዋ ባዶዋን በደህና ወርዳ የለም እንዴ? በከንቱ ነው ያስቀሯቸው" አለ። መክብብ፣ "በደህና እንደምትወርድ ሳትወርድ ማን ያውቅ ነበር?" ሲለው ባዳቾ አልተረታም። "እኔ ፍሬኔን ስጠራጠር ቀስ እላለሁ እንጂ መኪና አላቆምም" አለ። ብርቄ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል፣ "አዎ፣ አንተ ቀስ ትላለህ፤ የሚጸልየው ከላይ የተቀመጠው ሰው ነው" አለችው። ሱቁ በሳቅ ፈረሰ።

ከዚያ ፓራሹቶቹ ተከፈቱ፤ አራት ናቸው፣ ነጭና ቀይ ብርቱካናማ። ሳቁ ቆመ። ብርቄን ታውቂያታለሽ፤ ሁለተኛው መኪና ላይ ዐሥራ አንድ ዓመት አብራኝ ስትሰፋ ሥራ አቁማ ተነሥታ አታውቅም። ተነሣች። ጣቷን ስልኩ ላይ ገመዶቹ የሚገናኙበት ቦታ ላይ አደረገች። "ሰርኬ፣ ይሄን ሁሉ ሰው ነው በእጁ የሰፋው? ማሂም እንዲህ ያለውን ነው የምትሰፋው?" አለችኝ። አዎ አልኳት። በቋንቋዋ "ጦሳይ ኔና አንጆ" ብላ እዚያው ቆማ መረቀችሽ። ደብዳቤሽ በሽርጤ ኪስ ውስጥ ነበር። አሜን ማለት አቃተኝ።

ሐሙስ ጠዋት አባዬን ጠየቅሁት። እንደ ሁልጊዜው በሩ ላይ ተቀምጦ ክር በሰም ያሻል። "አባዬ፣ ሸራ ስትጨርስ ወደ ኋላ ሦስት ጊዜ የምትመለሰው ለምንድን ነው?" አልኩት። ሳቀብኝ። "አሁን ነው የሚጠየቀው? ሠላሳ ዓመት እንደኔ ስትሰፊ ኖረሽ?" አለኝ። ለጥንካሬ መስሎኝ ነበር አልኩት። "ጥንካሬማ ከቋጠሮው ነው" አለ። "እሷ ፊርማዬ ናት።"

ይህን ለኔም ላንቺም ነግሮን አያውቅም፤ ለእማዬ ነግሯት እንደሆነ እንጃ። እኔ ገና ሕፃን ሳለሁ ጩማ የሚባል የጉኑኖ ሰው ደረቅ ዝንጅብል ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ዝናብ ያገኘዋል። የሸራው መጋጠሚያ ተተርትሮ ዝንጅብሉ ሁሉ ሻገተ። ሰውዬው ሸራውን ተሸክሞ ወደ ገበያው መጣ። ያን ጊዜ ሸራ የሚሰፉት ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ በየተራ "ያንተ ሥራ ነው?" እያለ ጠየቃቸው። ሁሉም የኔ አይደለም አሉ። አባዬም የኔ አይደለም አለ። "ውሸት አልነበረም" አለኝ። "አላየሁትም ነበር። ግን ላየውም አልፈለግሁም።" ከጥቂት ሳምንት በኋላ ያው ሸራ በሌላ ሰው እጅ ለጥገና መጣ። መጋጠሚያውን ሲፈታ ውስጡ ላይ ከእሱ በቀር ማንም የማይቋጥረውን ቋጠሮ አገኘ። በማግስቱ በእግሩ ጉኑኖ ሄደ። ጩማ አገር ለቆ ሄዷል አሉት። የት እንደሄደ የሚያውቅ አልነበረም።

"ከዚያ ወዲህ ሦስቷን ጨመርኩ" አለኝ። "ማንም ቢያመጣው ከሩቅ አይቼ እንዳውቀው። የኔ አይደለም እንዳልል።"

ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና፣ "ይህን ያስጠየቀችሽ ማሂ ናት?" አለኝ። ለማንም እንዳልናገር አደራ ብለሽኝ ነበር። ዓይኑን እያየሁ መዋሸት ስላልቻልኩ ነገርኩት። ይቅር በይኝ። ከእሱ ሌላ የሚያውቅ የለም። ተነሥቶ ወደ ጓዳ ገባ፣ በራሱ እጅ የሰፋውን አንድ የድሮ አረንጓዴ ሸራ አወጣና ጥጉን በመቀስ ቆረጠው። ሦስቱ ስፌት ያሉበትን ጥግ ማለቴ ነው። "ይህን ላኪላት" አለኝ። "እጇ ከኔ የወሰደው ስለሆነ ጥፋቱ የኔም ነው በያት። ግን ፈርማበታለች። የኔ አይደለም እንዳትል።" ደብዳቤውን ፎቶ አንሥቼ በቴሌግራም ያልላክሁልሽ ለዚህ ነው። ቁራጩና ቃሉ አብረው ይድረሱሽ ብዬ ነው።

ስለዚህ መልሴ ይኸው፤ ተናገሪ። የየካቲት 27ቱን ሰርዤዋለሁ።

እንዴት እንደምትናገሪ ደግሞ የታላቅ ምክር ስሚ። ሰኞ ደብዳቤው ይደርስሻል፤ ማክሰኞ ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ሂጂ። ለተቆጣጣሪዋ ብቻ አትንገሪ፤ አላየሁም ነበር ብላ ልትደነግጥና ነገሩን ልታለባብሰው ትችላለች። ኃላፊው ባለበት ለሁለቱም በአንድ ላይ ንገሪያቸው። ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን የትኞቹን ጥብጣቦች እንደሰፋሽ በወረቀት ጽፈሽ ያዢ። የምታውቂውንና የማታውቂውን ለይተሽ አስቀምጪ። ንግግርሽ አጭር ይሁን። ስለ መኖሪያ ፈቃድሽ አታንሺ፤ እሱን ያነሣሽ እንደሆነ ምሕረት ልትለምኚ የመጣሽ ይመስላቸዋል። አንቺ የሄድሽው ሥራሽን ልታሳዪ ነው። ስፌቱ ይፈታ ካሉ የምፈታው እኔ ነኝ በዪ። እጅሽን ለማረም ምን እንዳሰብሽም ንገሪያቸው። እኔ ብሆን ስፌቱ በሚያልቅበት ቦታ ግራ እጄን ከጨርቁ ላይ አነሣለሁ፤ ሁለት እጅ ከሌለ ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም። ብርቄ ላይ ሞክሬዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ ሳታውቅ ስትሳደብ ዋለች፣ ግን ሠራ።

ቢያሰናብቱሽስ? ይህንም በእርጋታ አስቤበታለሁ። የስፌት መኪናሽ እዚሁ ነው፤ በየወሩ ዘይት አጠጣዋለሁ፣ ማንም አልተቀመጠበትም። የዩኒቨርሲቲ ልጆች ለሜዳ ሥራ ቀላል ድንኳን ይፈልጋሉ፤ በአካባቢው ደህና አድርጎ የሚሰፋው የለም። ያንቺ እጅ ካለ እኛ እንይዘዋለን። ይህን የምልሽ ላጽናናሽ አይደለም። ከመሄድሽ በፊት ጀምሮ ያሰብኩት ሥራ ነው፣ የጎደለው ሰው ነበር። በዚያው ቢያቆዩሽ ደስታዬ ነው። ቢመልሱሽም የምትመለሺው ወደ ባዶ ቤት አይደለም።

አሁን ላመስግንሽ፤ ይህን ማለት የነበረብኝ በመጀመሪያው መስመር ነበር። ተቆጣጣሪ ያላየውን አንቺ አየሽ። የራስሽን እጅ ያዝሽ። ያንን ውጠሽ መኖር እየቻልሽ፣ ጽፈሽ ጠየቅሽኝ። እኔ ታላቅሽ ሆኜ የሰጠሁትን የመጀመሪያ መልስ አይተሻል። እንኳንም ያን ጊዜ አልላክሁልሽ። ሌላም አለ። አንቺ ባትጠይቂኝ አባዬን ባልጠየቅሁት ነበር። አርባ ዓመት ከምናምን የተሸከመውን ነገር ሐሙስ ዕለት በሩ ላይ አወረደው። ከዚያ ወዲህ ምግብ እንኳ ሲበላ ፊቱ ቀለል ብሎታል። ባንቺ ደብዳቤ ምክንያት አባቴን አወቅሁት፤ ይህንን በምን እንደምመልስልሽ አላውቅም። የላክሽልን በሰም የተለወሰ ክርም ደርሶናል። ብርቄ ለራሷ አንድ ጥቅል ደብቃለች፣ አይቼ እንዳላየሁ ሆኛለሁ። ለሸራችን አሁንም ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ እንመለሳለን፤ ልዩነቱ ለምን እንደሆነ አሁን ማወቄ ነው። ከሐሙስ ጀምሮ ደግሞ የትኛውን ሸራ ማን እንደሰፋው በደብተሬ እጽፋለሁ።

አባዬ ግንባርሽን ስሟል፤ ማክሰኞ ጠዋት በኛ ሰዓት ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ዳዊት እንደሚደግምልሽ ንገሪያት ብሎኛል። መክብብ በጣም ናፍቄያለሁ ይላል፤ ስለ ፓራሹት የጻፈልሽ ሁለት ገጽ ጥያቄ አብሮ አለ፣ ሲመችሽ መልሺለት። ብርቄ ሳሮ ብላሻለች፤ የሠራችው ዳጣ በትንሿ ጠርሙስ ነው፣ ያቃጥላል፣ አትድፈሪው። ባዳቾ "መንኮራኩሯ ሾፌር ካጣች ስሜን አስመዝግቢ" ብሏል። አብራሽ ለምትኖረው ለትርሐስ፣ ብርድ ላይ ሾርባ እየሠራች ያቆየችሽበትን ውለታዋን አንረሳም በያት። ይህን ሁሉ ይዞልሽ የሚመጣው በኦቶና ሆስፒታል የሚሠራው ዶክተር ፀጋአብ ነው፤ ለሦስት ወር ሥልጠና ወደ ሮም ይመጣል። ጨዋ ሰው ነው፤ ከባቡር ጣቢያ ተቀበይው።

እግዚአብሔር ከፊትሽ ይቅደም።

እህትሽ ሰርካለም ሀብተጊዮርጊስ

ነገ፣ እሑድ፦ ዶክተር ፀጋአብ ለጉዞ ሳይነሣ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ኦቶና በር። ደብዳቤ፣ ዳጣ፣ የአባዬ ቁራጭ ሸራ።